የስም የለሿ ጀርባ

አርቧ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1974

ለሶላንዥ፣

የላክሽልኝ ሹራብ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አንገቱ ትንሽ ጠበቀኝ። የኦርላክ ቤት የስፌት ክፍል አለቃ ሹራብ ከሱቅ ስትገዛ መለካት ትረሳለች ማለት ነው? ተይው፣ ስቀልድ ነው፤ ከለበስኩት ወዲህ አላወለቅሁትም።

ጤናዬን ጠይቀሻል። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይጮሃል፣ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ። ብቻዬን እንዳልሆን ሰግተሻል። እዚህ መንደር ብቻውን እንዲሆን የሚፈቀድለት ሰው የለም። ጎረቤቴ በርሜል ሠሪው ሙሴ ፊርሚን፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚያዋራው አጥቶ፣ ማገዶ አመጣሁ እያለ ይመጣና ቁጭ ይላል። የማገዶውን ነገር ብትጠይቂኝ ለሦስት ክረምት ይበቃል።

ስለ አዲሱ ዲዛይነራችሁ ስለ ሙሴ ኬኔል የጻፍሽውን ወድጄዋለሁ። ወጣት ነው ብለሽ አትናቂው፤ የሚጠይቅ ሰው ጥሩ ነው። የኦርላክ ልብስ ፊቱ ዝም ያለ፣ የሚናገረው በጀርባው እንደሆነ ከገባው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ከግራ ትከሻ ተነስቶ በሰያፍ እስከ ቀኝ ዳሌ የሚወርደው እጥፋታችን አንድም ስፌት አያውቀውም፤ ጨርቁ ራሱ ነው የሚወርደው። ማዳም ኦርላክ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ሴት ስትመጣ ሁሉም ያያታል፤ የምትታወሰው ስትሄድ ነው» ይሉ ነበር። ይህን ንገሪው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። ጥጉ ላይ የቆመችው ስም የለሿ ማን ናት ብለሻል። የደንበኞቻችንን ገላ በጥጥ አስመስለን የምንሞላቸው አሻንጉሊቶች ሁሉ አንገታቸው ላይ ስማቸው ሲሰፋ፣ ልብስ ሁሉ መጀመሪያ የሚጀመርባት እሷ ለምን ባዶ ሆነች? የግራ ትከሻዋስ ለምን ዝቅ አለ? ስለ እሷ ያልተወራ ነገር የለም። አንዷ የአርጀንቲና ባለጸጋ ናት ትላለች፣ ሌላዋ ከፈረስ የወደቀች ዳንሰኛ ናት ትላለች። ማዳም ሲጠየቁ «የቤቱ ናት» ብለው ስፒል አፋቸው ውስጥ ይከቱ ነበር፤ አፉ ውስጥ ስፒል የያዘን ሰው ማንም ደግሞ አይጠይቅም። ትከሻዋን በተመለከተ ሙሴ ኬኔልን፣ ዕድሜ የማያዘነብለው ነገር የለም በዪው። አርባ ዓመት ሙሉ ቆማለች። አንቺም አርባ ዓመት ቁሚና ትከሻሽን እናያለን።

ሴቶቹን ሁሉ ሳሚልኝ።

ማርሴሊን ፎቬ


ፓሪስ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1974

ለማድሞዜል ማርሴሊን፣

ደብዳቤዎን ለክፍሉ ሴቶች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የሹራቡ አንገት ላይ ስደርስ ሮዝሊን ከሳቋ ብዛት ጣቷን ወጋች፤ የምትሰፋው ደግሞ ነጭ ሐር ነበር። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ምራቅሽን!» አልናት። የገዛ ደምን የገዛ ምራቅ ብቻ እንደሚያጠፋው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ጠፍቷል፣ አይስጉ።

ደመወዜም እንቅልፌም ደህና ናቸው፤ እንቅልፉ ትንሽ ያንሳል። የጃንዋሪው የልብስ ትርዒት የክፍሉ አለቃ ከሆንኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አንዳንዴ የእርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ማድሞዜል ምን ይሉ ነበር?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ መልስ «ፍቺው» የሚል ነው።

ደስ የሚለውን ዜና ለመጨረሻ ልተወው ብዬ ነበር፣ አላስቻለኝም። ዕድሜ የማያዘነብለው የለም ያሉኝን ለሙሴ ኬኔል ነገርኩት። «እንግዲያው ጥጧ በእርጅና ወርዶ ነው፤ ይህን ያህል ላገለገለች እኛም እናድርግላት» አለ። ከሮዝሊን ጋር ሆነን የስም የለሿን ሸራ ፈታን። ጥጡን ብል በልቶት እንደ ዱቄት ሆኗል። ጠርገን አወጣነውና በአዲስ ሞላናት። ሁለቱ ትከሻዎቿ አሁን እኩል ናቸው። ጀርባዋ ላይ ጥጡ ተጠራቅሞ የፈጠረውን ጉብታም አስተካከልነው። እንዴት ቀጥ ብላ እንደቆመች ቢያዩልኝ! ማዳም ቢያዩዋት ብዬ እንባዬ መጣ። ይህን ለመሥራት ልብ የሰጡኝ እርስዎ ነዎትና ከልቤ አመሰግናለሁ።

ሮዝሊን ዘንድሮ ሃያ አምስት ዓመት ሞላት፤ እስካሁን አላገባችም። ለቅድስት ካትሪን ዕለት፣ ለእንዲህ ያሉት የስፌት ሴቶች በዓል፣ ቢጫና አረንጓዴውን ባርኔጣ ተደብቀን እየሠራንላት ነው። በካውያ ቅርጽ ይሁን ያለው ሙሴ ኬኔል ነው፤ ጭስ እንዲወጣውም ፈልጎ ከለከልነው። ይምጡልን። ያለ እርስዎ ጭፈራው አይደምቅም።

ሶላንዥ ካሪዬ


አርቧ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1974

ሶላንዥ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለድካማችሁ አመሰግናለሁ። በቅን ልብ እንደሠራችሁት አውቃለሁ።

ለበዓሉ መምጣት አልችልም። ጉልበቴ ነው። ለሮዝሊን ቢጫ ሪባን ልኬላታለሁ፤ ሃያ አምስት ዓመት የሞላኝ ጊዜ ካደረግሁት ባርኔጣ የተፈታ ነው። ጨፍሬበታለሁ፣ እሷም ትጨፍርበት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሮጌውን ጥጥ የት አደረጋችሁት? እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ እንጂ ምንም አይደለም። ቢሆንም መልሱን ቶሎ ጻፊልኝ።

ፊርሚን ደጅ ቆሞ ያንኳኳል። ዛሬ ሰው የማዋራበት ልብ የለኝም።

ማርሴሊን


ፓሪስ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1974

ለማድሞዜል ማርሴሊን፣

ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደህና ዜና አግኝቼ ልጻፍልዎት እያልኩ ስጠብቅ ነው ቀኑ የሄደው። ደህና ዜና የለኝም።

ጥጡን አቃጥለነዋል። ብሉ ወደ ሐሩ እንዳይዛመት ብለን ነው። ጥያቄዎን ሳነብ ለምን እንደጠየቁኝ አላወቅሁም ነበር። አሁን ገብቶኛል። እጥፋቱ አልወርድ ብሏል።

ለትርዒቱ የሚሆነውን የመጀመሪያውን ልብስ በአቡጀዴ ልንሞክር ስም የለሿ ላይ ዘረጋነው። እንደ ሁልጊዜው ከግራ ትከሻዋ ለቀቅሁት። ጀርባዋ መሃል ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠለጠለ። ደገምነው፣ ሰያፉን ለወጥነው፣ ጨርቁን ለወጥነው። አንድ አሮጌ ልብስ አምጥተን ፈትተን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። እንዴት እንደተቆረጠ ይናገራል፣ ለምን እንደወረደ ግን አይናገርም። ማዳም በወረቀት ያስቀሩት ነገር እንደሌለ ያውቃሉ፤ ሁሉም ነገር ከእሷ ጀርባ ነበር የሚጀመረው፤ እኔ ደግሞ ጀርባዋን አቃናሁት።

ሙሴ ኬኔል አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። «ሶላንዥ፣ የሞተን ሰው አልብሰን ተነስ አንበለው» አለኝ። አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ የትርዒቱን ልብሶች ይወስናል። እስከዚያ ካልወረደ የኦርላክ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እጥፋቱ ይወጣል። አንድ ጊዜ ከቀረ ደግሞ የሚመልሰው የለም፤ እጅ ይረሳል።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ፣ ማን ነበረች? በሕይወት ካለች ይንገሩኝ። አርጀንቲናም ቢሆን እሄዳለሁ። አውሮፕላን እፈራለሁ፣ ቢሆንም እሄዳለሁ። ያለፈው ደብዳቤዎ አጭር ነበር። ከተቀየሙኝ ይቆጡኝ እንጂ ዝም አይበሉኝ።

ሮዝሊን በሪባኑ ጨፍራለች፤ ታመሰግንዎታለች።

ሶላንዥ


አርቧ፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1974

ሶላንዥ ልጄ፣

አልተቀየምኩሽም። የተቀየምኩት ቀልድ መስሎኝ በጻፍኩት ነገር ነው። እውነቱን ላለመናገር ዕድሜ ነው አልኩሽ፤ አንቺም አመንሽኝ። ሃያ ዓመት ያልኩሽን ስትሠሪ ኖረሽ እንዴት አታምኚኝ?

አርጀንቲና አትሂጂ። አውሮፕላኑም ይቅርብሽ። ሴትዮዋ ያለችው አርቧ ነው፤ ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ይህን ትጽፍልሻለች።

ከተወለድኩ ጀምሮ ጀርባዬ የተጣመመ ነው። እናቴ በጋም ክረምትም ሻል ታለብሰኝ ነበር። የዚሁ መንደር ልጆች የወይን ግንድ ይሉኝ ነበር፤ ወይን ቦታ ውስጥ ያደገ ሰው ግንዱ እንዴት እንደሚጣመም ያውቃል። ፓሪስ የሄድኩት እዚያ ሁሉም ስለሚሮጥ የሰው ጀርባ የሚያይ የለም ብዬ ነው። ማዳም የቀጠሩኝ ስፒል እንድለቅም ነበር። ጎንበስ ብሎ የሚለቅም ሰው ጀርባው ቀና ይሁን ጠማማ ማን ይለየዋል? አንቺስ ከገባሽ ጀምሮ ነጩን ጋዋኔን አውልቄ አይተሽኝ ታውቂያለሽ? በጁላይ ሙቀት እንኳ? «ማድሞዜል ሥርዓት ይወዳሉ» ትሉ ነበር። ሥርዓት አልነበረም።

ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ለእኔም ባርኔጣ ሠሩልኝ። ሌሎቹ ለጭፈራው ሊለብሱ ሲሄዱ እኔ የልብስ መለኪያ ክፍል ውስጥ ተደበቅሁ። ማዳም አገኙኝ። «ለምን አልለበስሽም?» አሉኝ። ለእኔ የሚሆን ልብስ የለም አልኳቸው። «እኔ ቤት ቆመሽ ነው ይህን የምትናገሪው?» ብለው ተቆጡ። በሩን ቆለፉና ልብስሽን አውልቂ አሉኝ። ከእናቴ በቀር ጀርባዬን ያየ ሰው አልነበረም። እጃቸውን አሳረፉበት፤ እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ «ይህን ሁሉ ዓመት ጨርቁ ለምን እንደሚተኛብኝ አሁን ገባኝ፤ መሄጃ አልሰጠሁትም» አሉ።

ጥጉ ላይ ከነበሩት አሻንጉሊቶች አንዷን ሳቡና አንዴ በእኔ አንዴ በእሷ ላይ እጃቸውን እያደረጉ፣ ጥጥ እየጨመሩ፣ እኔን ሠሩ። ጨርቁን በሰያፍ ቆርጠው ዝቅ ካለው ትከሻ ላይ ለቀቁት። መንገዱን ራሱ አገኘ። ጉብታውን ዞሮ ዳሌ ላይ ደረሰ። አልሸፈነኝም፤ ጀርባዬ ለዚያ ጨርቅ ተብሎ የተሠራ ነበር የሚመስለው። ስፌት ይግባበት ወይ ብዬ ብጠይቃቸው «አንነካውም፣ ያውቅበታል» አሉኝ። የደረስኩት ጭፈራው ሊያልቅ ሲል ነው። በቀረው ጊዜ ግን የእኔን ያህል የጨፈረ የለም።

በሳምንቱ አንዲት ደንበኛ «ያቺ ልጅ ጀርባ ላይ ያየሁትን እፈልጋለሁ» ብላ መጣች። ማዳም ወደ እኔ መጥተው አስፈቀዱኝ። ስፒል ለቃሚ አስፈቀዱ፣ ሶላንዥ። «የአንቺ ነው፤ እምቢ ካልሽ አልሸጠውም» አሉኝ። እሺ አልኩ። ስሜን ግን ለማንም እንዳይናገሩ አስማልኳቸው፣ እስኪሞቱም አልተናገሩም። «የእኔ ፈጠራ ነው» ብለውም አያውቁም። የስፒሉ ምክንያት ይኼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን በስንቱ ላይ አየሁት! በልዕልት ላይ፣ በሚኒስትር ሚስት ላይ፣ ቤተ መንግሥት ደረጃ ሲወጣ። እኔ ጋዋኔ ውስጥ ሆኜ እስቅ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለስንት ሰው ይሰጣል?

አሁን ምን እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ መጥቼ እንድቆምላችሁ ነው። አልችልም። ያን ጊዜ ማዳም አንድ ነበሩ፣ በሩም ተቆልፎ ነበር። እናንተ አንድ ክፍል ሙሉ ናችሁ። ያልነገርኩሽ ሌላም ነገር አለ፤ ፊርሚን ላግባሽ ካለኝ ሰንብቷል። ለእሱም መልስ ያልሰጠሁት ለዚሁ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ሻሌን ነው። ዕድሜ ልክ የሸፈኑትን በስልሳ ስድስት ዓመት መግለጥ ቀላል አይደለም።

እጥፋቱ ይቅር ብዬ ስጽፍ እጄ ያመኛል። ግን አልችልም። ይቅር በዪኝ።

ማርሴሊን


ፓሪስ፣ ዲሴምበር 23 ቀን 1974

ለማድሞዜል ማርሴሊን፣

አልጠይቅዎትም። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት የቀረውን በረጋ ልብ እንዲያነቡልኝ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ሙሴ ኬኔልን የስም የለሿን ነገር ተወው፣ አላገኘሁም ብዬዋለሁ። ማዳም እስከ መቃብራቸው የጠበቁትን ቃል እኔ በአንድ ክረምት አልሰብረውም። ከእንግዲህ ሲጠይቁኝ እኔም ስፒል አፌ ውስጥ እከታለሁ።

ይቅር በዪኝ ብለውኛል። አንድ ነገር ላስታውስዎት። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ግራኝ መሆኔን ደብቄ ነው ክፍልዎ የገባሁት፤ ከእርስዎ በፊት የነበርኩበት ቤት አለቃዋ ግራ እጅ ሐር አይነካም ብላ አባርራኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን መርፌውን ስይዝ ከኋላዬ ቆመው አዩኝ። ይመቱኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እርስዎ ወንበሬን አነሱና ከመስኮቱ በሌላው በኩል አስቀመጡልኝ፤ ብርሃኑ በቀኝ እንዲመጣልኝና እጄ እንዳያጠላበት። ወደ መቀስዎ ተመለሱ። እኔ ግን በዚያች ቀን ነው ሰው የሆንኩት።

ያን ማን እንዳስተማረዎት እስካሁን አላውቅም ነበር። ማዳም ለእርስዎ መሄጃ ሰጡ፣ እርስዎ ለእኔ ሰጡኝ። ባለፈው ወር ሮዝሊን ዓይኗ ሲደክም ወንበሯን ሳዞርላት አስቤው እንኳ አልነበረም። እንግዲህ እጥፋቱ ቢቀርም ከቤቱ ያልቀረ ነገር አለ። ይቅርታ መጠየቁን ይተዉልኝ፤ እኔ ነኝ አመስግኜ የማልጨርሰው።

ስለ ሙሴ ፊርሚን የምልዎት ነገር አለኝ፤ ልናገር? ለሦስት ክረምት የሚበቃ ማገዶ የተሸከመ ሰው የመጣው ሻል ለማየት አይመስለኝም።

መልካም ገና ይሁንልዎ።

ሶላንዥ


አርቧ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 1975

ሶላንዥ፣

ማክሰኞ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ። ፓሪስ፣ ሊዮን ጣቢያ ተቀበዪኝ። ሻንጣዬን ልያዝልዎ ብለሽ አትታገዪኝ።

ለምን ሐሳብሽን ቀየርሽ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አለመጠየቅሽ ነው የቀየረኝ። ጠይቀሽኝ ቢሆን እምቢ ብዬ እገላገል ነበር። ደብዳቤሽን ይዤ ገናን ብቻዬን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ማዳም ያን ሁሉ ሰጥተውኝ እኔ ጋዋን ውስጥ ቆልፌበት ልሞት ነው? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ ነው።

እሁድ ዕለት ለፊርሚን ነገርኩት። መናገሩ ቢያቅተኝ ሻሌን አውልቄ ዞርኩለት። «ዕድሜ ልኬን በርሜል ሠርቻለሁ፤ ሳንቃው ካልጎበጠ ወይን ይዞልኝ አያውቅም» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ማርሴሊን፣ ዓይን አለኝ እኮ፤ ከመጣሽ ጀምሮ አውቃለሁ» አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን የተደበቅሁት ከራሴ ነው ማለት ነው! ተናድጄ ሾርባውን ሳላቀርብለት ሸኘሁት። በኋላ ከደጅ ጠርቼ እሺ አልኩት። ሾርባውንም በላ።

እንግዲህ ስሚኝ። ክፍሉን አሙቁ። በሩ አይቆለፍ። ሴቶቹ ሁሉ ይኑሩ፣ ሮዝሊንም ትኑር፤ ስትስቅ ጣቷን እንዳትወጋ መርፌዋን ተቀበያት። ሙሴ ኬኔል ግን ውጭ ይጠብቅ፤ እኔ ገና ያልተዳርኩ ሴት ነኝ። ደግሞም የምትፈልጉት አጥንቴን ነው። አጥንቱ ያው ነው፤ ከጡረታ ወዲህ አይብ የጨመረበትን ሥጋ ወደ እሷ እንዳታዛውሩ።

ማርሴሊን


ፓሪስ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1975

ለማድሞዜል ማርሴሊን፣

ትርዒቱን ሳያዩ መመለስዎ ሁላችንንም አስከፍቶናል። ግን እንዴት ነበር ብለው ጠይቀዋልና እነግርዎታለሁ።

እርስዎ በሄዱ ማግሥት ነው። የእርስዎን ጀርባ አይተን እንደገና ከሞላናት ከስም የለሿ ትከሻ ላይ አቡጀዴውን ለቀቅሁት። ወረደ። ጉብታውን ዞሮ ዳሌዋ ላይ ሄዶ አረፈ። ሙሴ ኬኔል ቁጭ አለ። ወንበር አልነበረም፤ መሬት ላይ ነው የተቀመጠው። ሮዝሊን አለቀሰችና እንባዋ የነካው ጨርቅ ላይ ምራቋን ልትቀባ ስትል ሁላችንም ሳቅን።

በትርዒቱ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ቆመን እናዳምጥ ነበር። የመጨረሻዋ ልጅ በጥቁሩ ከፋይ ወጣች። ስትመጣ ምንም ድምፅ የለም። ፊቱ ዝም ያለ ነው እኮ! ከዚያ ዞረች። ጭብጨባው የመጣው ስትሄድ ነው፤ ማዳም እንዳሉት።

ያችን ማክሰኞ ስለ ቀዝቃዛ እጅ የጻፉልኝን አስቤ ነበር። ጀርባዎ ላይ ከማሳረፌ በፊት እጄን በካውያው አጠገብ ሳሞቅ አይተውኝ ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ እስክሞት አልረሳውም።

አሁን ከደብዳቤው ጋር ወደ ላክንልዎ ጥቅል ልምጣ። አይደንግጡ። ከቤቱ ሠራተኞች አንዷ ስታገባ የሙሽራ ልብሷን የሚሰፋው ቤቱ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ስንቱን ራስዎ ሰፍተዋል። ቢሮው «ጡረታ የወጣችን አይመለከትም» ብሎ መለሰልን። ሙሴ ኬኔል ወርዶ «እሷ ጡረታ አልወጣችም፤ ጥጉ ላይ ቆማ እየሠራች ነው» አላቸው። ፈቀዱልን። ልክዎን በዚያች ማክሰኞ ሰርቀናል፤ አይቡም አላመለጠን። ቅምቅማቱ ውስጥ ፀጉር ቢያገኙ የእኛ ነው። ያላገቡት ሁሉ ባል ይገኝ እንደሆነ ብለው አንዳንድ ሰፍተውበታል፤ ሮዝሊን አንድ አልበቃትም።

አንድ ፈቃድ እንለምናለን። አንገቷ ላይ ስም እንስፋ? እምቢ ካሉ ባዶ ትቆያለች፣ እኛም አፋችንን እንይዛለን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ግን ለምን እስከዚያ እንጠብቅ? ከፈቀዱልን በአባትዎ ስም ይሁን ወይስ በሙሴ ፊርሚን? እንደ ሌሎቹ ደንበኞችስ በየጊዜው እየመጣን ልኳን እናድስ?

ሶላንዥ


አርቧ፣ ሜይ 11 ቀን 1975

ሶላንዥ ልጄ፣

ቶሎ አልመለስኩልሽም። ጥያቄሽን መመለስ የፈለግሁት ልብሱን ለብሼ ከዋልኩ በኋላ ነው። ሥራ ይዟችሁ ባለመምጣታችሁ አልተቀየምኩም፤ በዚህ ወቅት የሙሽራ ልብስ ሥራ እንዴት እንደሚበዛ እኔም አውቀዋለሁ።

ስንት ሙሽራ አልብሼ ሸኝቻለሁ፤ አንድ ነገር ግን አላሰብኩም ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሙሽራ ፊቷ ለቄሱ፣ ጀርባዋ ለሕዝቡ ነው። ይህ የገባኝ እዚያ ከቆምኩ በኋላ ነው። የወይን ግንድ ሲሉኝ የነበሩት ልጆች ሁሉ ሽማግሌ ሆነው ከኋላዬ ተደርድረዋል። ጀርባዬ ጋለ። በእጄ ሻሌን ፈለግሁ፤ የለም። ቄሱ ደግሞ ስብከት ጀመሩ፤ እሳቸው ከጀመሩ አያቆሙም። ፊርሚን ጣቴን ያዘ። አንድ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ሳስወጣ ጨርቁ አብሮኝ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ማዳም በለቀቁት ቀን እንደነበረው። ከዚያ በኋላ ቄሱ ያሉትን አልሰማሁም። ብቻ እንዳይጨርሱ ጸለይኩ።

ስንወጣ ሉሲ፣ ከልጆቹ ሁሉ የምትብሰው እሷ ነበረች፣ በዱላዋ ተደግፋ መጣችና «ማርሴሊን፣ ጀርባሽን ሳይ ፊትሽን ለማየት አልቸኮልኩም» አለችኝ። ለኦርላክ ቤት ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም፤ ለሙሴ ኬኔል ንገሪው። እጁን ስሜያለሁ በይልኝ፤ አሁን ባለትዳር ስለሆንኩ ይፈቀድልኛል።

ፀጉሩ ተገኝቷል። ፊርሚን ቅምቅማቱን ሲያይ የረጅም ቀይ ፀጉር ጫፍ ሳበና «ሙሽራዬ ፀጉሯ በእግሯ ይበቅላል» ብሎ ሳቀብኝ። ለሮዝሊን አንድ ባል ይስጥልኝ፤ አንድ ይበቃታል።

ሴቶቹን አንድ በአንድ ላመሰግን ወረቀት ይዤ ነበር፤ ቃሉ አልበቃኝም። ያን ማክሰኞ እያያችሁኝ እንዳላያችሁኝ ሆናችሁ ስትሠሩ፣ አንድ ዕድሜ የተሸከምኩትን እዚያ ጥዬ ነው የሄድኩት። እግዜር ይስጣችሁ።

ስሙን ስፉላት። በአባቴ ስም ይሁን፤ ፊርሚን አይቀየምም፣ እሷ አላገባችም። እንደ ሌሎቹ አንገቷ ላይ፣ በትንሽ ፊደል። ልኳን ግን አታድሱ። ብትመጡ ለአይብና ለወይን ኑ እንጂ ሜትር ይዛችሁ አትምጡ። እሷ ሃያ አምስት ዓመቷ ላይ ትቆይ። ማርጀቱን እኔ እችልላታለሁ።

ማርሴሊን